የባስ ጀልባ ሞተር ከፍታና የፕሮፔለር ምርጫ፦ የቱ ይቀድማል?

ባስ ጀልባ (ለዓሣ ማጥመድ የሚሠራ ፈጣን ጀልባ) የሚጠበቅበትን ፍጥነት አልሰጥ ሲል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፕሮፔለሩ፣ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ ነው። ይፈታል፣ ሌላ ይገዛል፣ ይታሰራል፤ ጀልባው ግን ከነችግሩ ይቀጥላል። ሞተሩ የተሰቀለበት ከፍታ አንድም ቀን ተለክቶ እንደማያውቅ የሚታወሰው ሦስተኛው ፕሮፔለር ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይቻልም። ያው ፕሮፔለር አንዱ ከፍታ ላይ ድንቅ ሆኖ ግማሽ ኢንች ዝቅ ሲል ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍታው ይለካል፤ ባለው ፕሮፔለር የሚሻለው ከፍታ ይፈለጋል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮፔለር ይመረጣል፤ አዲሱ ከታሰረ በኋላም ከፍታው እንደገና ይታረማል።

ከፍታ ሲባል ከየት እስከ የት ነው?

በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ባስ ጀልባ አብዛኛው አካሉ ከውሃ ወጥቷል። ውሃ ላይ የሚቀረው ከሥሩ መሐል ለመሐል ወደ ኋላ የተዘረጋው ጠባብና ጠፍጣፋ ወለል ሲሆን ፓድ ይባላል። የሞተሩ ከፍታ የሚለካውም ከዚህ ፓድ አንጻር ነው፤ ከፓዱ መስመር ቁልቁል እስከ ፕሮፔለሩ ዘንግ መሐል ያለው ርቀት ማለት ነው። “ከፓድ በታች 3 ኢንች ተኩል” ሲባል የፕሮፔለሩ ዘንግ ከፓዱ 3.5 ኢንች (9 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሞተሩ ከፍ ብሏል፤ ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል።

ብዙ ሰው የሚለካው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው ጠፍጣፋ ሳህን፣ በልማድ ካቪቴሽን ፕሌት ከሚባለው ተነሥቶ ነው። ለዘገምተኛ ጀልባ ይበቃል። ለባስ ጀልባ ግን ከሳህኑ እስከ ዘንጉ ያለው ርቀት ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማዋል አይቻልም። ከዘንግ እስከ ፓድ ያለው ቁጥር ግን የትም ቦታ አንድ ትርጉም አለው።

ለመለካት የሚያስፈልጉት ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ቀጥ ያለ ወለልና ግማሽ ሰዓት ናቸው። ጀልባው ተሳቢው ላይ እንዳለ ወለሉ ላይ ይቁም። ውሃ ልኩን ፓዱ ሥር አስደግፈው የተሳቢውን የፊት ክሪክ ከፍና ዝቅ በማድረግ ፓዱን ከወለሉ እኩል አግድም ያድርጉት። ቀጥሎ ሞተሩን በትሪም (የሞተሩን ዝንባሌ በሚቀይረው መሣሪያ) እያንቀሳቀሱ የፕሮፔለሩ ዘንግ ራሱ አግድም እስኪሆን ያስተካክሉ፤ ውሃ ልኩን ሳህኑ ላይ ማሳረፍ ቀላሉ መንገድ ነው። አሁን ሁለት ነገር ይለኩ፦ ከወለሉ እስከ ፓዱ የኋላ ጫፍ፣ ከወለሉ እስከ ዘንጉ መሐል። ፓዱ 22 ኢንች፣ ዘንጉ 18.5 ኢንች ከሆነ ልዩነቱ 3.5 ኢንች ነው። አንዳንድ ጀልባዎች ፓዱ ከትራንሰሙ (ሞተሩ ከሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ) ቀድሞ ያበቃና ደረጃ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን የሚለካው ከራሱ ከፓዱ ነው፤ ከደረጃው ወይም ከትራንሰሙ ታች ከለኩ ቁጥሩ የማይረባ ይሆናል። ዘንጉ አግድም ሳይሆን መለካትም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትንሽ የትሪም ልዩነት ውጤቱን ግማሽ ኢንችና ከዚያ በላይ ያዛባል።

ያገኙትን ቁጥር ጃክ ፕሌቱ (በትራንሰሙና በሞተሩ መካከል ያለው ማስተካከያ ሳህን) ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ወዲህ ከፍታ ሲቀየር ከምልክቱ መቁጠር እንጂ ጀልባውን እንደገና ማስተካከል አያስፈልግም።

ከፍ ማለቱ ለምን ይጠቅማል?

ውሃ ውስጥ ያለው የማርሽ ቤት፣ ፕሮፔለሩን የሚይዘው የሞተሩ የታች ክፍል፣ ትልቅ ጎታች ነው። የመጎተት ኃይሉ በፍጥነቱ እጥፍ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ የማይሰማው ነገር 110 ላይ ብዙ ፈረስ ጉልበት ይበላል። ሞተሩን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ከውሃ በታች የሚቀረው ብረት ያንሳል፤ የሞተሩ ዙርም ፍጥነቱም ይጨምራል።

ጃክ ፕሌት ሁለት ሥራ አለው፤ ከፍና ዝቅ ከማድረጉ ሌላ ሞተሩን ከትራንሰሙ ወደ ኋላ ያርቀዋል። ከትራንሰሙ የወጣው ውሃ ወደ ኋላ በራቀ መጠን ወደ ላይ ይነሣል፤ በልምድ በየ12 ኢንች ርቀቱ 1 ኢንች ያህል ነው የሚባለው። ስለዚህ 10 ወይም 12 ኢንች ወደ ኋላ የወጣ ሞተር ትራንሰሙ ላይ ከተጣበቀው ይልቅ ከፍ ሊል ይችላል፤ ንጹሕ ውሃ እዚያ ድረስ ተነሥቶ ያገኘዋልና። ጀልባውም ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አፍንጫውን በቀላሉ ያነሣል። ነገር ግን ሲበዛ ጣጣ አለው፤ ጀልባው ከቆመበት ለመነሣት ይዘገያል፣ አፍንጫውም እንደ ፈረስ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል።

ከፍታው ልኩን ሲያልፍ ደግሞ ሦስት ነገር ይከተላል። ፕሮፔለሩ ከላይ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ዙሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም። የማርሽ ቤቱ ጎን ላይ ያሉት የውሃ መግቢያ ቀዳዳዎች ወደ ውሃው ገጽ ስለሚጠጉ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ይቀንሳል። በተጨማሪም የፕሮፔለሩ የታችኛው ግማሽ ከላይኛው የበለጠ ውሃ ስለሚይዝ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፤ ሃይድሮሊክ መሪ ያለው ጀልባ ይህን ይሸፍነዋል፣ በገመድ የሚሠራ መሪ ግን ክንድ ያዝላል።

ከሁሉም አደገኛው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ግልጽ ልንናገር፦ የውሃ ግፊት ጌጅ የሌለው ጀልባ ከፍታው መነካት የለበትም። የሙቀት ማስጠንቀቂያው እስኪጮኽ መጠበቅ ከእሳት በኋላ ጭስ እንደ ማሽተት ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ግፊት በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ፤ እሱ ሕግ ነው።

መነሻው የት ይሁን?

ከ20 እስከ 21 ጫማ (6 ሜትር ከሩብ ገደማ) የሚረዝም፣ 250 ፈረስ ጉልበት ያለውና ጃክ ፕሌት የተገጠመለት ጀልባ ከፓድ በታች 4 ኢንች ላይ ቢጀምር አይሳሳትም። አብዛኞቹ በመጨረሻ የሚያርፉት በ3 እና በ3.5 ኢንች መካከል ነው። አነስ ያለ ጀልባ፣ አነስ ያለ ሞተር ካለዎት 5 ኢንች ላይ ይጀምሩ። ቁጥሩ ከ2.5 ኢንች እስኪያንስ ሞተሩን ከፍ ማድረግ የውሃ መግቢያው የማርሽ ቤቱ አፍንጫ ላይ ላልሆነ ሞተር የሚመከር አይደለም።

ጃክ ፕሌት የሌለው ሞተር ትራንሰሙ ላይ በብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ቀዳዳዎቹ በሦስት ሩብ ኢንች (19 ሚሊ ሜትር) ስለሚራራቁ ለጥቃቅን ማስተካከያ አይመቹም። በእጅ የሚስተካከል ጃክ ፕሌት የጎን ብሎኖቹ ይላላሉ፣ ከዚያ የመሐሉ ረጅም ብሎን ሲዞር ሞተሩ ይነሣል። ባለ 250 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የጎን ብሎኖቹን ሙሉ በሙሉ አይፍቱ፤ ለማንሸራተት የሚበቃ ብቻ ያላሏቸው። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቶርክ በሚለካ ቁልፍ በተባለው ልክ መልሰው ያጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላም አንዴ ይፈትሿቸው።

ሙከራው

ጀልባው ለዓሣ ማጥመድ እንደሚወጣ ይጫን፦ ግማሽ ታንክ ነዳጅ፣ ሁለት ሰው፣ ባትሪዎቹና ዕቃው በየቦታቸው። ባዶ ጀልባ ላይ የተገኘ ፍጥነት ለወሬ እንጂ ለምርጫ አይሆንም። ፍጥነቱ በጂፒኤስ ይለካል፤ አንድ ጊዜ ከነፋሱ ጋር፣ አንድ ጊዜ በተቃራኒው ይሮጣል፣ አማካዩ ይያዛል። በየሩጫው አምስት ነገር ይጻፋል፦ ከፍታ፣ ዙር በደቂቃ፣ ፍጥነት፣ የውሃ ግፊት፣ የትሪም ቦታ። ከፍታው በሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር) ይነሣል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀየርም። የደኅንነት ማጥፊያው ገመድ ከነጂው ጋር ይታሰር፤ ሙከራ የሚካሄደው ጀልባው ያልተጠበቀ ነገር በሚያደርግበት ፍጥነት ነው።

ሌላው የሚያስፈልገው ስሊፕ የሚባለው ስሌት ነው። ፒች ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ምንም ሳይንሸራተት ቢሄድ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ ፒቹ 25 የሆነ ፕሮፔለር በአንድ ዙር 25 ኢንች መሄድ ነበረበት። ውሃ ግን እንጨት አይደለም፣ ይሸሻል። በወረቀት ላይ ያለው ፍጥነትና የጂፒኤሱ ፍጥነት ልዩነት በመቶኛ ሲሰላ ስሊፕ ይባላል። በኪሎ ሜትር ለማግኘት የሞተሩን ዙር በፒቹ ያባዙ፣ ውጤቱን በ0.001524 ያባዙ፣ ለማርሹ ሬሾ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ለሚዞረው መጠን) ያካፍሉ።

ሬሾው 1.75፣ ፒቹ 25፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ዙር 6000 የሆነ ሞተር በምሳሌ እንውሰድ። በ4 ኢንች ላይ 5500 ዙርና በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ሰጠ እንበል። በወረቀት 119.7 መሄድ ነበረበት፤ ስሊፑ 9.8 በመቶ። ወደ 3.5 ሲነሣ 5650 ዙርና 112 ኪሎ ሜትር፤ ስሊፑ ወደ 8.9 ወረደ። በ3.25 ላይ 5750 ዙር፣ 113.5 ኪሎ ሜትር፣ ስሊፕ 9.3። በ3 ኢንች ላይ ዙሩ ወደ 5900 ዘለለ፣ ፍጥነቱ ግን 113 ሆነ፤ ስሊፑ 12 ገባ፣ የግፊት ጌጁም ቀደም ሲል በየሩጫው በትንሹ ይወርድ የነበረው አሁን በአንድ ጊዜ ወደቀ። የመጨረሻው 150 ዙር የተገኘው ከአየር ነው፤ ጀልባውን አልገፋውም። ሞተሩ ወደ 3.25 ይመለሳል። ሻካራ ውሃ የሚያዘወትር ሰው 3.5 ላይ ቢተወው ይሻለዋል፤ የሚያጣው 1.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመታጠፊያ ላይ የሚያገኘው ጥብቅነት ግን ከዚያ ይበልጣል።

በደንብ የተስተካከለ ባስ ጀልባ ስሊፑ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 በመቶ ውስጥ ይወድቃል። ከ15 በላይ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ከዜሮ በታች ከወጣ ደግሞ ተአምር አይደለም፤ ፕሮፔለሩ ላይ የተጻፈው ፒች ወይም የያዙት የማርሽ ሬሾ ስሕተት ነው።

ፕሮፔለሩ

አሁን ለመግዛት የሚያበቃ መረጃ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ዙሩ ነው። እያንዳንዱ ሞተር በሙሉ ነዳጅ ሊዞርበት የሚገባ ክልል አለው፤ ለምሳሌ የያማሃው ባለ 4.2 ሊትር ቪ ማክስ ኤስ ኤች ኦ ከ5000 እስከ 6000 ነው። በተለመደው ጭነት ከክልሉ የላይኛው ክፍል፣ ከጣሪያው 100 ወይም 200 ዙር ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት። ከክልሉ በታች የሚቀር ሞተር ዳገት በአምስተኛ ማርሽ እንደሚወጣ መኪና ነው፤ ያቃስታል፣ ካርቦን ያጠራቅማል፣ ፒስተኖቹን ይጎዳል። ጣሪያውን የሚነካ ደግሞ የዙር ገዳቢው እየያዘው ይንተፋተፋል። 1 ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፣ ሲጨመርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በምሳሌያችን 5750 ላይ ያለው ጀልባ ከዚህ የሚጎድለው 50 ዙር ብቻ ስለሆነ ፒች መቀየር አያስፈልገውም።

ሙቀትና ከፍታም ይቆጠራሉ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ የመሬት ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ጠለል ላይ የተስማማ ፕሮፔለር 1500 ሜትር ላይ ካለ ሐይቅ ሲገባ ከባድ ይሆናል፤ ፒቹ 2 ኢንች ያህል መውረድ አለበት። በቀዝቃዛ ጠዋት የተሠራ ሙከራም በሞቃት ቀትር 100 ዙር ቢያጎድል ሞተሩ አልታመመም።

ከፒች ቀጥሎ ሬክ ይመጣል፤ ክንፎቹ ወደ ኋላ ያጋደሉበት መጠን ነው። ሬኩ የበዛ ፕሮፔለር አፍንጫውን ያነሣል፣ ከፍ ብሎ በተሰቀለ ሞተር ላይም ውሃውን አይለቅም። ካፕ ደግሞ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ እጥፋት ናት፤ እንደ ማንኪያ ጠርዝ ውሃውን ይዛ አየር ከመሳብ ታግዳለች። ካፕ የተጨመረበት ፕሮፔለር ዙሩን ከ150 እስከ 300 ሊቀንስ ይችላል። ካፑ በአሸዋና በጠጠር ሲበላ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ዙሩ ከዓመት ዓመት ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ በመታጠፊያ ላይ መንሸራተት ይመጣል፣ ባለቤቱ ሞተሩ “ተከፈተ” ብሎ ይደሰታል። ጠርዙን በጥፍር ዳስሶ ስለት የሆነ መሆኑን ማየት ይበቃል።

ባለ 3 ክንፍ ወይስ ባለ 4? ክርክሩ አያልቅም፤ ነገሩ ግን ጀልባው የጎደለው ምን እንደሆነ ነው። ባለ 3 ክንፍ በአጠቃላይ አፍንጫ ያነሣል፣ በመጨረሻው ፍጥነትም ጥቂት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ባለ 4 ክንፍ ጀርባውን ያነሣል፣ ከቆመበት ፈጥኖ ይነሣል፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ጀልባውን ከውሃው በላይ ይዞ ይቆያል፣ ሲታጠፍ አይለቅም። የመርኩሪ ፉሪ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ብራቮ ዋን የሁለተኛው። ከ3 ወደ 4 ሲኬድ ክንፉ ስለበዛ ፒቹን 1 ኢንች መቀነስ የተለመደ ነው። ባለ 4 ብዙውን ጊዜ ሩብ ኢንች ከፍ ብሎም ስለሚይዝ ከታሰረ በኋላ የከፍታው ሙከራ ይደገማል። በእኛ ግምት ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይዞና ዕቃ ሞልቶ የሚወጣ ጀልባ ባለ 4 ክንፍ ይሻለዋል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚኬደው ከቀኑ ስንት ደቂቃ ነው?

አሉሚኒየም ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት ቦታ የለውም። በጭነት ክንፉ ስለሚለጠጥ ፒቹ እየሄደ ይቀየራል። ስቴንለስ ቀጭንም ግትርም ነው። የተለያዩ አምራቾች 25 ብለው የጻፉባቸው ሁለት ፕሮፔለሮች ግን አንድ ዓይነት ዙር ይሰጣሉ ብለው አይጠብቁ፤ ፒቹ ከክንፉ ፊት እስከ ኋላ ስለሚጨምር እያንዳንዱ አምራች የሚጽፈው በራሱ አለካክ ነው። ከተቻለ ተውሶ መሞከር ከሁሉ ይበልጣል።

አንዳንድ ፕሮፔለሮች በርሜላቸው (ክንፎቹ የተያያዙበት የመሐል ቱቦ) ላይ ከየክንፉ ኋላ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ሲነሣ የጭስ ጋዝ በእነዚህ በኩል ወጥቶ የክንፎቹን ጫና ስለሚያቀልል ሞተሩ ቶሎ ዙር ያገኛል፤ ፍጥነት ሲመጣ ውሃው አልፏቸው ስለሚሄድ ሥራቸው ያበቃል። ጀልባው ለመነሣት ከዘገየ የቀዳዳውን መክደኛ ሰፋ ባለ ቀዳዳ መቀየር ከአዲስ ፕሮፔለር ይቀድማል። ሲነሣ ዙሩ እየጮኸ የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ጠበብ ያለውን ወይም ድፍኑን ይሞክሩ።

ፕሮፔለር ሲታሰር የዘንጉ ጥርሶች የባሕር ግራሶ ይቀባሉ፣ የፊቱ ሮንዴላ ሾጣጣ ጎኑ ወደ ማርሽ ቤቱ ትክክል መቀመጡ ይታያል፣ ዳዶው በመመሪያው ልክ ይጠብቃል። በተፈታ ቁጥር ዘንጉ ሥር የተጠመጠመ የማጥመጃ ክር ይፈለግ፤ ክሩ የዘይቱን ሲል ይቆርጥና ውሃ ወደ ማርሹ ያስገባል።

ዙሩ ብድግ ሲል

ዙሩ በድንገት ዘሎ ፍጥነቱ የማይከተል ከሆነ ከፍታ፣ ትሪም፣ የተበላ ካፕና የተንሸራተተ የመሐል ጎማ (ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው) አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። ጎማውን ለመለየት ከዘንጉ መሐል እስከ ፕሮፔለሩ በርሜል አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማይለቅ ቀለም ያስምሩ፣ ጀልባውን ያስሩጡ፣ ተመልሰው ይዩ። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ይቀየር፤ ከፍታውን መነካካት አያስፈልግም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆየና ችግሩ በመታጠፊያ ላይ ብቻ ከሆነ ሩብ ኢንች ዝቅ ያድርጉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚመጣው ትሪም ሲጨመር ብቻ ከሆነ ትሪሙን ትንሽ መቀነስ ይበቃል።

ክንፉ ላይ እንደ ተቃጠለ ቀለም የሚታይ ሻካራ ቦታ ከአየር አይመጣም፤ ካቪቴሽን ነው። ከፊት ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ቁስል ኋላዋ የውሃውን ግፊት በጣም ስለምትቀንስ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ጠርዙ በባለሙያ ሲስተካከል ይቆማል። በጣም ከፍ ባለ ፍጥነት ጀልባው ከግራ ወደ ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ ግን ነዳጁን በአንድ ጊዜ አይልቀቁ፤ ትሪሙን ዝቅ እያደረጉ ቀስ ብለው ይቀንሱ። ከዚያ በፊት መሪው ውስጥ አየር ወይም ልቅነት አለመኖሩን ማየት ይገባል፤ መሪው ግማሽ ጣት እንኳ የሚጫወት ከሆነ የትኛውም ከፍታና የትኛውም ፕሮፔለር ጀልባውን ፓዱ ላይ አያቆመውም።